በአንድ አሞሌ የገዛሁት ልጅ

ሰቆጣ ስንደርስ ዝናቡ ቀድሞን ደርሶ ነበር። መኪናው በጭቃው ምክንያት ከኮረም አላልፍም ስላለ ጓዛችንን በበቅሎ ጭነን የቀረውን መንገድ በእግራችን ተጓዝን፤ እኔ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በንዴት። የጸላሪን ወንዝ ስንሻገር ደራሹ ውኃ አንደኛውን ጫማዬን ከእግሬ አውልቆ ወሰደው። የተረፈኝን የአንድ እግር ጫማ በእጄ አንጠልጥዬ ከተማ ገባሁ፤ ለምን እንዳልጣልኩት ዛሬም አላውቅም።

ጊዜው ሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው፤ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ነርስነት እማር ነበር። በክረምቱ ዕረፍት ተማሪዎች እየተከፋፈልን እናቶችንና ሕፃናትን እንድናገለግል ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እንላክ ነበርና ለእኔ ዋግ አውራጃ፣ ሰቆጣ ደረሰኝ። አብሮኝ የተመደበው የጎጃም ልጅ ነበር፤ ለጤና መኮንንነት የሚማር፣ ረጅም፣ ነገር ሁሉ የሚያስቀው። እኔን ደግሞ ነገር ሁሉ ያናድደኝ ስለነበር መንገዱን ሁሉ እሱ ሲስቅ እኔ ስቆጣ ደረስን። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥቼ የማውቀው እስከ ደብረ ዘይት ብቻ ነበር። ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ሲነጋገር ሰማሁና አንድ ቃል እንኳ ሳይገባኝ ቀረ። ባንዲራው የእኛው ነው፣ ብሩ የእኛው ነው፤ እኔ ግን ባሕር ተሻግሬ ሰው አገር የገባሁ ያህል ሆነብኝ።

ያረፍነው ክሊኒኩ አጠገብ፣ ጠላ ሸጠው ከሚያድሩ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ዘንድ ነበር። እትዬ እንላቸው ነበር። ኽምጣንጋውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገሩ፣ ከተማው ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ የሚያውቁ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ገበያ የሚደርስ ሴት ናቸው። አስተርጓሚያችንም እሳቸው ሆኑ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስናገር እሳቸው ሦስት አድርገው ይተረጉሙታል፤ ምን እንደጨመሩበት ስጠይቃቸው፣ "ጨው ነዋ፤ ያንቺ ወሬ እኮ አልጫ ነው" ይሉኛል።

ለእናቶችና ለሕፃናት መጥተን መጀመሪያ ያከምነው ግን ወገቡን የሚያመውን ሽማግሌ ሁሉ ነበር። ወሩ የአረም ወር ስለሆነ ሴቱ ከማሳ አይወጣም። በገበያ ቀን ብቅ የሚሉትም እናቶች እኔ ያንን ሁሉ መንገድ ያስጫንኩትን የሕፃናት ሚዛን ሲያዩ ልጃቸውን ወደ ጀርባቸው መልሰው ይሄዳሉ። ልጅ እንደ ቅቤ አይመዘንም ይላሉ፤ ክብደቱን ሰው ያወቀበት ልጅ ዓይን ያርፍበታል። እኔ ስለ ንጽሕናና ስለ ምግብ በኃይለ ቃል እናገራለሁ፣ እነሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው፣ መርቀውኝ፣ ቤታቸው ገብተው እንዳሻቸው ያደርጋሉ። ጎጃሜው፣ "ስብከትሽ ጥሩ ነው፤ ምእመን ብቻ ነው የጎደለሽ" ሲለኝ ሊያስቀኝ ፈልጎ እንደሆነ እያወቅሁ ተናደድኩበት።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ልጇን በአንቀልባ አዝላ መጣችና በረንዳው ጥግ ቆመች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ከእትዬ ጋር በኽምጣንጋ ስታወራ ቆየች፤ እያወራች ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ስለ እኔ እንደምትጠይቅ ገባኝ። ከየት እንደመጣሁ፣ ስንት ወንዝ እንደተሻገርኩ፣ በእነሱ መንደር ከማንም ቤት እህል ቀምሼ እንደሆነ ነበር የጠየቀችው፤ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ አንቀልባዋን ፈትታ ልጁን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝና በማትደፍረው አማርኛዋ እንዲህ አለችኝ።

"ይኼን ልጅ ግዢኝ።"

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። ሲገባኝ ግን ደሜ ፈላ። ልጅ ፍየል ነው ወይ፣ እናት ሆና እንዴት ታደርገዋለች፣ ለአውራጃ ገዥው ሄጄ እከሳታለሁ፣ ያላልኩት የለም። ሴትዮዋ ቃሌን ባትረዳም ድምፄን ተረዳች፤ ግን አልሸሸችም፣ ልጁን የዘረጋችበትንም እጅ አላጠፈችም። እትዬ ጣሳቸውን ይዘው ያዩኛል። ጎጃሜው የበሩን መቃን ይዞ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ስጨርስ፣ "ሁሉን አልሽ፤ ዋጋውን ግን አልጠየቅሽም" አለኝ።

ነገሩን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ይህች ሴት ሾተላይ አለባት አሉኝ፤ የወለደቻቸው ሁሉ ጡት ሳይጥሉ አልቀውባታል። እንዲህ ያለች እናት በአገራቸው ልጇን ለባዳ ትሸጣለች። ገዢው ወንዝ ተሻግሮ የመጣ፣ ከቤቷ ያልበላ ያልጠጣ መሆን አለበት። ዋጋው አንድ አሞሌ ጨው ነው። ልጁ ከዚያ ወዲያ የገዢው ነው፤ ሞት ያቺን ቤት ያውቃታልና ሲመጣ የሷን ልጅ ያጣል፤ የባዳ ልጅ ነው የሚያገኝ። እሷ ለሰው እንደምታሳድግ ሆና ታሳድገዋለች። ጨዉን ግን አትቀምሰውም፤ ከምድጃ በላይ ሰቅላ ታኖረዋለች። ልጁ አድጎ አሞሌውን በራሱ ትከሻ መሸከም የቻለ ቀን፣ ተሸክሞ ለገዢው ይመልስና ራሱን ይገዛል።

ጎጃሜው በእነሱም አገር እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ መሰከረ። ቁጣዬ በረደ፤ እምቢታዬ ግን ባሰ። እኔ የተማርኩት ጥንቆላ ልገዛና ልሸጥ አይደለም አልኩ። ልጁን ልየው፣ ላክመው እንጂ አልገዛም አልኩ። ሴትዮዋ ሰጠችኝና አየሁት። ተቅማጥ ይዞታል። እርግብግቢቱ ጎድጉዷል፣ ሆዱን ቆንጥጬ ስለቀው ቆዳው እንደተቆነጠጠ ይቀራል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ማልቀሱም ድምፅ አልነበረውም። ዝናብ ላይ ተጥሎ ያደረ የድመት ግልገል ይመስል ነበር።

ውኃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ስኳርና ቆንጠር ያለ ጨው ጨምራ በማንኪያ በማንኪያ እንድትሰጠው፣ ጡትም ቶሎ ቶሎ እንድታጠባው ነገርኳት። እትዬ ተረጎሙ። ራሷን ነቀነቀች። መነቅነቁን ለምጄዋለሁና፣ "እውነት ታደርጊዋለሽ?" ብዬ አፈጠጥኩባት። ያን ጊዜ ዝርዝሩን አወጣችው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውኃ ከጠጣ ይብሳል ብለው የባሏ ቤት ሰዎች ከልክለዋታል። ጡቷንም ከልክለዋታል፤ ሾተላይ ያለባት ሴት ጡት ልጅ ይገድላል አሏት። አማቷ ግግ አውጪ ጠርተዋል፤ በማግሥቱ መጥቶ የልጁን ድድ ፍቆ፣ ተቅማጡን ያመጣው ነው የሚሉትን ግግ ያወጣለታል። ስለዚህ ነው ዛሬ ወደ እኔ የመጣችው።

ግግ ማውጣት ምን እንደሆነ ከትምህርቴ አውቅ ነበር። ያ ልጅ ሌላ ደም ለማፍሰስ አቅም አልነበረውም። ይህ ሁሉ ውሸት ነው፣ ጡትሽ መድኃኒት ነው፣ እነሱን አትስሚ አልኳት። ሴትዮዋ አሁን ትርጉም አልጠበቀችም። በገዛ አማርኛዋ ቀስ እያለች መለሰችልኝ።

"አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ትሄጃለሽ። እኔ ከነሱ ጋር ነው የምኖር።"

እሷም ልጁን አቅፋ ጣራው ሥር ዝናቡ በማይደርስበት ተቀመጠች፤ ገበያተኛው እያለፈ ያያታል፣ እሷ ግን ማንንም አታይም። ካልገዛኋት እንደማትሄድ ግልጽ ነበር፤ ከሄደችም ነገ የሚሆነው ግልጽ ነበር። እኔ ውስጥ ገብቼ የተጠቀለለ ፋሻ ፈትቼ እንደገና እጠቀልላለሁ። ጎጃሜው መሳቁን ትቶ አጠገቤ መጣ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲያሾፍብኝ የመጣው ሰው በዚያች ሰዓት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጁ እስከ ነገ ወዲያ አይቆይም፣ አንቺ ደግሞ ያለሽ ምርጫ በኩራትሽ መቅረት ወይም ጨው መፈለግ ነው አለኝ። ቆየት ብሎ፣ "በስብከት እምቢ ያለችውን በገበያ እንሞክራት" ብሎ ፈገግ አለ።

እንዲህ አድርጌ ልጅ ገዢ ሆንኩ።

ጨው ያለው እትዬ ዘንድ ነበር። በክረምት ግመሎቹ ከአፋር በረሃ ስለማይወጡ ጨው ይወደዳል፤ ያለው ሰውም ርጥበት እንዳያቀልጥበት ከምድጃው በላይ ያንጠለጥለዋል። እትዬ ጭስ ያጠቆረውን አንድ አሞሌ አውርደው አራገፉና፣ በሰው ጨው ልጅ አይገዛም፣ መጀመሪያ ጨዉን ከእኔ ግዢ አሉኝ። ብር ላወጣ ስል ብር አይሆንም አሉ፤ ከአገርሽ ይዘሽው የመጣሽውን ዕቃ። ሻንጣዬን ከፍቼ ሳተራምስ ያቺ የአንድ እግር ጫማ እጄ ገባች። ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩዋት፣ ሶሉን መታ መታ አደረጉ፣ "ደህና ቆዳ ነው" ብለው ተቀበሉኝ።

ሥርዓቱን እትዬ እየነገሩኝ ነው የሠራሁት። እኔ ከደጃፉ ወዲህ ቆምኩ፣ ሴትዮዋ ከደጃፉ ወዲያ ፊቷን አዙራ ቆመች። ሳታየኝ ልጁን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ሰጠችኝ፣ እኔም በዚያው አሞሌውን ሰጠኋት። በኽምጣንጋ አንድ ነገር አለችና ወደ ኋላዋ ሳትዞር መንገዷን ሄደች። እውነት ሄደች። ጨዉን እንደ ልጅ አቅፋ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ እስከ አጥሩ በር ደረሰች። ልጁ ክንዴ ላይ ነው፤ ክብደት የለውም። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የፈራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ እትዬ በክርናቸው ጎሰሙኝና ያስጠኑኝን ተጣራሁ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ለልጄ ሞግዚት ትሆኚኛለሽ ወይ?"

ዞረች። "እሆናለሁ" አለች። ተመልሳ መጥታ ልጁን ከክንዴ ተቀበለችና፣ እስካሁን አንቺ ስትለኝ የነበረችው ሴት፣ "እንግዲህ ይዘዙኝ" አለችኝ።

እኔም አዘዝኩ። ከዚያ ቀን በፊት ለእናቶች ስናገር ድምፄ ከፍ ይል ነበር፤ ያን ዕለት ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም ዝቅ አለ። መጀመሪያ ጡት አጥቢልኝ አልኳት። እትዬን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ እትዬን አየቻቸው። ባለቤቱ ካለች ምን ጥያቄ አለው ብለው እትዬ ገፋ አደረጓት። ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ደረቷን ከፈተች። ልጁ መጀመሪያ ጡቱን ረስቶት ነበር፤ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይስብም። ኋላ ያዘው። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች፤ ጡቷ ተወጥሮ እየታለበ መሬት ይፈስ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ ዞር ብዬ ግን ነው። ጎጃሜው ስኳር ሊያመጣ ብሎ ወጥቶ ሳይመለስ ቆየ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበርና ጭሱ ነው አለ። ምድጃው እኮ በዚያ በኩል አልነበረም።

ስኳሩን ከስንቃችን ሰጠናት። ቆንጠር ያለ ጨው ጨምሪበት ስላት ደንግጣ አሞሌውን ወደ ደረቷ ለጠፈችው፤ ከሌላ ጨው ነው ብዬ አረጋጋኋት። ግግ አይወጣለትም አልኩ። ከእኔ ፈቃድ ውጪ ማንም እንዳይነካው አልኩ። እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ እየደገመች ሰማችና አዝላው ሄደች።

በማግሥቱ ማልደን እኔና እትዬ ወደ መንደሯ ወረድን። አልተማመንኩም ነበር፤ ራስ መነቅነቋን አውቀዋለሁ። ስንደርስ ግግ አውጪው ደጅ ላይ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል፣ አማትየዋ በሩ ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል፣ እሷ ልጁን አቅፋ ውስጥ ናት። ጭቅጭቁ በኽምጣንጋ ስለነበር ምንም አልገባኝም፤ እትዬ ግን በጆሮዬ እያንሾካሾኩ እየሳቁም ያቀብሉኝ ነበር። አማትየዋ ልጁን አምጪ ይላሉ። እሷ አልችልም ትላለች። ለምን አትችይም፣ የልጄ ልጅ አይደለም ወይ ይላሉ። አይደለም፣ ትናንት ተሽጧል፣ አሞሌው ያውና ተሰቅሏል፣ እኔ ሞግዚት ነኝ፣ ባለቤቱን ጠይቁ ትላለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ግግ አውጪው ሳይቀር ዋንጫውን አስቀመጠ። አማትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ ሲያዩኝ እኔ በእትዬ ትርፍ ሸራ ጫማ ቆሜ ነበር፤ ለግርማ የሚሆን ነገር አልነበረኝም። በደህና አማርኛ ጠየቁኝ፤ ባደግሁበት አገር ልጅ ግግ ሳይወጣለት ያድጋል ወይ አሉ። ያድጋል፣ እኔም አልወጣልኝም አልኳቸው። ጠጋ ብለው አፌን ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩ። ጥርሴን አንድ በአንድ አዩ። ሊቀጥሉ ሲሉ እትዬ ጣልቃ ገቡ።

"እንግዲህ እሜቴ፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።"

ይህ ቃል በዚያ አገር በቀላሉ የሚነገር አይደለም። አማትየዋ ከወገባቸው ላይ እጃቸውን አወረዱ። እውነቱን ለመናገር ያዘኑ እንጂ የከፉ ሴት አልነበሩም፤ የቀበሯቸው ሁሉ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ለግግ አውጪው ሌላ ጠላ ቀዱለትና አሰናበቱት። እኔን ደግሞ፣ ልጅሽ ነው፣ ግቢና እይው አሉኝ።

ገባሁ። እናቱ ጥግ ተቀምጣ ልጁን እያጠባች ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግታ ልለው የማልችል ነገር ፊቷ ላይ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣብኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ይህች ሴት ልጇን የሸጠችልኝ ሞትን ብቻ ለማታለል ነው ወይስ የቤቷንም ሰው ሁሉ? በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቷን እምቢ ያለችበት ቃል የኔ ነው፤ አፉ ግን የሷ ነበር። አልጠየቅኳትም። ሌላም ሰው የጠየቃት አይመስለኝም። ብርድ ልብሱን ስነካው ርጥብ ነው፤ ልጁ ሸንቶ ነበር። ለነርስ ተማሪ ከዚያ የበለጠ የምሥራች የለምና ሸንቷል እያልኩ ወደ ደጅ ወጣሁ። እትዬ ተረጎሙት፤ ምን እንደጨመሩበት እንጃ፣ አማትየዋ እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ያማረ ነበር። ልጄ (እንዲህ ማለት ለመድኩ) ጉንጭ አወጣ። በየገበያው ቀን ታመጣዋለች፤ ሚዛኑን ስታየው መጀመሪያ አመነታች፤ ባለቤት የራሱን ዕቃ ቢመዝን ዓይን አያርፍበትም ብለው እትዬ ፈረዱና መዘንኩት። ሌሎቹም እናቶች ማየት ጀመሩ። አንዷ መጥታ የሷ ልጆች ጤነኞች መሆናቸውን ገልጻ፣ አማቷ ግን አስቸጋሪ ስለሆኑ ልጇን ብገዛላት ስትል ጎጃሜው ከወንበሩ ወደቀ። ጨው በክረምት ውድ ስለሆነ ሁሉን መግዛት አልቻልኩም፤ ግን መግዛት ሳያስፈልገኝ፣ "ያቺ የገዛችው ልጅ እንዲህ ነው የሚደረግለት" ማለት በቂ ሆነ። ሙሉ ሐምሌ ሰብኬ ያላገኘኋቸው እናቶች በነሐሴ በረንዳውን ሞልተው እኛን ዝናብ ያስመቱን ጀመር። ጎጃሜውም እኔንም ግዙኝ፣ በርካሽ እሄዳለሁ ሲል ከረመ፤ ማንም አልገዛውም።

መስከረም ሲጠባ ስንሄድ ሴትዮዋ አንድ ቅል ነጭ ማር ይዛልኝ መጣች። ልጁን አቅፌው ቆየሁ። ሲያድግ የት ያገኝዎታል አለችኝ። እዚሁ እመጣለሁ አልኳት። ወጣት ነበርኩና ቃል መስጠት ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሕይወት ወደ ሌላ ወሰደኝ። ተመረቅሁ፣ ሐረርጌ ተመደብኩ፣ ጎጃሜው አገሩ ገብቶ ሚስት አገባ፤ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ፣ "ልጅሽ እንዴት ነው?" እያለ ሰላምታ ይልክብኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዋግ ሩቅ ነው፣ እንኳን የአንድ ገጠር ልጅ ወሬ የአውራጃ ገዥ ሹመትም ዘግይቶ የሚሰማበት ነው። ሕፃን ባዋለድኩ ቁጥር ሳላስበው እርግብግቢቱን ዳሰስ አደርጋለሁ። ብዙ ሕፃናት ሲሞቱ አይቻለሁና እሱ አለ ብዬ መማል አልችልም ነበር፤ የለም ማለትም አልሆነልኝም።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ለፈንጣጣ ክትባት ወደ ሰሜን የሚዘምቱ ሰዎች ሲፈለጉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የአምደወርቅን ሰው ከትበን ሰቆጣ የገባሁት በበጋ ነበር፤ ግመሎቹ ጨው ጭነው ከተማውን ሞልተውታል። እትዬ አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን አላረጀም። ጫማዬ ምሰሶው ላይ በሚስማር ተሰቅላ ነጭ ሽንኩርት ተሞልታለች። ሁለታችንም ሳቅን፣ ተቃቀፍን፣ ስለ ሁሉም ሰው አወራን። ስለ ልጁ ግን እሳቸው አላነሱም፤ እኔም ፈራሁ። መጨረሻ ላይ እንደምንም፣ "ያ ልጄስ?" አልኩ።

እትዬ ምድጃውን ቆሰቆሱ። "የገበያ ቀን ይምጣና" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኚያ ሴት የማይጨምሩበት ወሬ አልነበረም። መርዶ ቀን ተቆርጦ ነው የሚነገር፤ ሰው ሰብስበው ሊነግሩኝ ነው አልኩ በሆዴ። እስከ ገበያው ቀን የከተብኩትን ሰው ፊት አላስታውስም። ዓይን እንዳይበላው በሕይወት ያለ ልጅ፣ ያውም የሾተላይ ልጅ፣ አድጓል አምሮበታል ተብሎ በአፍ እንደማይወራ ረስቼው ነበር።

የገበያው ቀን ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ መርፌ ስቀቅል አንድ ልጅ በአጥሩ በር ገባ። ትከሻው ላይ በቆዳ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሟል፤ ከብዶት አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዘሟል፤ አጠገቡ ያለ ሰው እንዳያግዘው ክርኑን ያወጣል። ከኋላው እናቱ ናት። በመንገድ ባየው ኖሮ አላውቀውም ነበር፤ እሷን አይቼ ነው ያወቅሁት። ልጁ ፊቴ ቆመ፣ ሸክሙን አውርዶ እግሬ ሥር አኖረው። ጭስ ያጠቆረው፣ ጠርዙ የተሸራረፈው ያው አሞሌ ነው። ያስጠኑትን በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

"ራሴን ልገዛ መጣሁ።"

አሞሌውን አነሣሁት። ሽጫለሁ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን የተሸራረፈውን ጠርዙን እዳስሳለሁ። ደስታ ነበር፤ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። ከዚያች ቃል በኋላ ያ ልጅ የእኔ አይደለም፤ በዓለም ላይ አለኝ የምለው ልጅ ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። እናቱ ቆማ ትጠብቃለች። ለሷ ስል አልኩት። ልጁ ትከሻውን እያሻሸ ወደ እናቱ ሄደና አጠገቧ ቆመ፤ እሷም ከሸጠችው ቀን ጀምሮ ሳታደርገው የቆየችውን አደረገች፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ "ልጄ" ብላ ጠራችው።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጀርባዋን ወደ እኔ አዞረች። አንቀልባው ውስጥ ሌላ ሕፃን አለች። ሳታየኝ እንዲህ አለችኝ።

"ከሱ በኋላ የመጣችዋን ሳላስገዛት ቀረሁ። እርስዎ የሉም፤ ማን ይግዛኝ? ይህችን ይግዙኝ።"

የሞተችዋን ልጅ ወሬ የሰማሁት በዚህች ቃሏ ብቻ ነው። ምን እንደገደላት እኔም እሷም እናውቃለን፤ ሾተላይ አልነበረም፤ በዚያ ቤት ውስጥ እምቢ የሚል አፍ መጥፋቱ ነበር። አልተከራከርኩም። ጨው መፈለግም አላስፈለገኝም። ሕፃኗን በትከሻዋ በኩል ተቀበልኳት፤ ወፍራም ናት፣ ትራገጣለች። ያንኑ አሞሌ በእጇ አኖርኩላት። እስከ አጥሩ በር ሄደች። ከውስጥ እትዬ ሊያስታውሱኝ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ሰማሁ፤ እኔ ግን ቃሉን አልረሳሁትም ነበር።

"አንቺ ሴትዮ፣ ለልጄ ሞግዚት ትሆኚኛለሽ ወይ?"

ተመልሳ መጣች። ይዘዙኝ አላለችኝም፤ የማዝዘውን ሁሉ ታውቀዋለች። ልጅቷን ተቀብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ጡቷን አወጣች። አሞሌውን ወደ ልጁ ገፋ አደረገችለት። ልጁ ያንን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ ያመጣውን ጨው አየ፣ እናቱን አየ፣ እኔን አየ። ቆዳውን ጠቀለለ፣ እየከበደው ወደ ትከሻው አወጣ፣ የእኅቱን ፊት ጎንበስ ብሎ ተመለከተና አኮረፈ።

"ሲመለስ ራሷ ትሸከመው" አለ።